የስኳር ክኒኖችና መርፌዎች ጎን ለጎን፦ የትኛው ለማን ይሻላል?

ፋርማሲ ገብቶ «ጠንከር ያለውን የስኳር መድኃኒት ስጡኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስኳሩ አልወርድ ብሎ ያስጨነቀው ሰው ቶሎ የሚያወርድለትን ቢፈልግ አይፈረድበትም። እኔ ግን ከጥንካሬው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠየቅ እፈልጋለሁ። መድኃኒቱ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል ወይ? ለልብና ለኩላሊት ምን ያደርጋል? ለዓመታት ሳይቋረጥ መግዛት ይቻላል ወይ? የዓይነት ሁለት ስኳር ክኒኖች ስኳር በማውረድ ብቻ ከተለኩ ብዙዎቹ ተቀራራቢ ናቸው። ሰፊው ልዩነት ያለው እነዚህ ሦስቱ ላይ ነው።

ለዚህ ንጽጽር መለኪያችን የሦስት ወር አማካይ ስኳር ነው፤ ላቦራቶሪ ኤችቢ ኤዋንሲ የሚለው። ለብዙ ሰው ግቡ 7 በመቶ አካባቢ ነው። ለአረጋዊ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ላለበት 8 ቢሆንም ሐኪሞች ይቀበሉታል። እየጨመቁ ማውረድ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አኮርድ የተባለው ጥናት ለልብ ሕመም የተጋለጡ ታማሚዎችን ከ6 በታች ለማውረድ ሲሞክር፣ ሞት በ22 በመቶ ጨምሮ ስለተገኘ ያ የጥናቱ ክፍል ጊዜው ሳይደርስ እንዲቆም ተደርጓል።

ሜትፎርሚን

ሌሎቹ ሁሉ የሚወዳደሩት ከዚህ ጋር ነው። ሜትፎርሚን በዋናነት ጉበት የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። ቆሽትን ኢንሱሊን አምጣ ብሎ አያስገድድም። ስለዚህ ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። አማካዩን ከ1 እስከ 1.5 ነጥብ ያህል ያወርዳል። ክብደት አይጨምርም። ዋጋውም ከሁሉም ዝቅ ካሉት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ የወጣው የእንግሊዙ ዩኬፒዲኤስ ጥናት ክብደታቸው ከፍ ያለ አዲስ ታማሚዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ሜትፎርሚን የጀመሩት በአመጋገብ ብቻ ከተያዙት ጋር ሲነጻጸሩ በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ36 በመቶ ቀንሷል። ለርካሽ ክኒን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ሆድ ላይ ነው። ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋት፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ማለት። ብዙ ሰው ጥቂት ቀን ሞክሮ «አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አጀማመሩ ላይ ስለሆነ። 500 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር ይጀመራል። ሆድ ሲለምደው በየሳምንቱ ከፍ ይደረጋል። ያኔም ካስቸገረ ቀስ ብሎ የሚለቅ ዓይነት አለ፤ ማሸጊያው ላይ ኤክስአር ወይም ኤስአር የሚል ምልክት ይኖረዋል። ይህኛው አይሰበርም፣ አይፈጭም፣ እንዳለ ይዋጣል። የክኒኑ ቅርፊት በሰገራ ሊወጣ ይችላል። ያን ያየ ሰው መድኃኒቱ ሳይሠራ የወጣ ይመስለዋል፤ ግን ውስጡ ያለው ቀድሞ ወጥቶ ሥራውን ሠርቷል።

ከመጀመሩ በፊትና ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ኩላሊት ይመርመር። የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ30 በታች ከወረደ ሜትፎርሚን ይቆማል። ሌላው ቫይታሚን ቢ12 ነው። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ይቀንሳል። ይህ ቫይታሚን ደግሞ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ስለዚህ አጽዋማትን ሁሉ የሚጾም ሰው ሜትፎርሚንም ከወሰደ ጉድለቱ በሁለት በኩል ይመጣበታል። እግር መደንዘዝና መቃጠል ሲጀምር «ስኳሩ ነው» ተብሎ ከመታለፉ በፊት ቢ12 ቢታይ ጥሩ ነው። በመርፌ ወይም በክኒን የሚተካ ነገር ነው።

ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድ ወይስ ግሊክላዛይድ?

ሜትፎርሚን ብቻውን አልበቃ ሲል አቅም በሚያንስበት አገር ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ከእነዚህ አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) መመሪያውም ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያስቀመጠው ይህን ወገን ነው። ሦስቱም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋሉ። ሰውየው በላም አልበላም መግፋታቸውን አይተዉም። ጥንካሬያቸውም አደጋቸውም ከዚሁ ይመጣል። ስኳር የማውረድ አቅማቸው ከሜትፎርሚን ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ክብደት ግን ሁለት ኪሎ ያህል ይጨምራሉ።

ሦስቱን አንድ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። ግሊቤንክላማይድን ብዙ ሰው ዳኦኒል በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ጉበት ከሰባበረው በኋላም ስብርባሪው ስኳር ማውረዱን ይቀጥላል። ያ ስብርባሪ ከሰውነት ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይጠራቀማል። የግሊክላዛይድ ስብርባሪ ስኳር አያወርድም። ግሊሜፒራይድ በሁለቱ መካከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር በዚህ ወገን ግሊክላዛይድን አስቀምጦ፣ ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ላለ ሰው እንደማይሆን በግልጽ ጽፏል።

አደጋው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። እንበልና አንዲት የ68 ዓመት እናት ሁዳዴን እየጾሙ ነው። ጠዋት ግሊቤንክላማይዳቸውን ውጠው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እህል የሚቀምሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ገደማ ግንባራቸውን ላብ ያጠምቀዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ልባቸው ይመታል። ቀስ በቀስ ንግግራቸው ይጎተታል፤ የልጅ ልጃቸውን ስም ያምታታሉ። ቤተሰቡ «ጾሙ አድክሟቸው ነው» ብሎ ጋደም ያደርጋቸዋል። የወረደ ስኳር ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ የእንቅልፍ ወይም የድካም ስም ተሰጥቶት ሲታለፍ።

ጣት ተወግቶ ሲለካ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው። መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ካለ እንደወረደ ቆጥሮ መነሳት ይሻላል። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ያህል ስኳር ያለው ለስላሳ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልተሻለ ይደገማል፤ ከተሻለ ምግብ ይከተላል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወዲያው ወደ ሕክምና ነው። ስኳሩ የወረደው በእነዚህ ክኒኖች ከሆነ ነቃ ካሉ በኋላም ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ተስተካክሎ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና።

ለረመዳን ጾም የወጡት የሕክምና መመሪያዎችም ከዚህ ወገን መወሰዱ ግድ ከሆነ ከግሊቤንክላማይድ ይልቅ ግሊክላዛይድን ወይም ግሊሜፒራይድን ይመርጣሉ። መጠኑና ሰዓቱ ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር መስተካከል አለበት። «ጾሙን ፈርቼ ክኒኑን ተውኩት» ማለትም ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ግሊክላዛይድ የራሱ ማስረጃ አለው። አድቫንስ የተባለው ጥናት ከ11,000 በላይ ሰዎችን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በዚህ መድኃኒት ላይ የተመሠረተው ጠበቅ ያለ ሕክምና የኩላሊት ጉዳትን በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል፤ ሞትም አልጨመረም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ወላጅዎ ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ግሊቤንክላማይድ ላይ ካሉ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ «ወደ ግሊክላዛይድ መቀየር ይቻላል ወይ?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ። በራስ ውሳኔ ግን አይቀየርም፤ የሚሊግራሙ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳለ አይሄድም።

ሲታግሊፕቲንና ዘመዶቹ

የሲታግሊፕቲን ወገን ረጋ ያለ ነው። ቆሽትን የሚያግዘው ስኳር ከፍ ሲል ብቻ ስለሆነ ከልክ በታች የማውረድ ነገር እምብዛም አይታይበትም። ክብደት አይነካም። ሆድ አይረብሽም። ለአረጋዊ የሚመች ነው። ደካማ ጎኑ ጉልበቱ ነው፤ አማካዩን ከ0.5 እስከ 0.8 ነጥብ ብቻ ያወርዳል።

እነዚህን ፊት ለፊት ያጋጠመ ጥሩ ጥናት አለ። የአሜሪካው ግሬድ ጥናት ሜትፎርሚን የሚወስዱ 5,047 ሰዎችን በአራት ከፍሎ ግላርጂን ኢንሱሊን፣ ግሊሜፒራይድ፣ ሊራግሉታይድ የሚባለውን መርፌ ወይም ሲታግሊፕቲን ጨመረላቸው። በአማካይ 5 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን አሳተመ። አማካዩን ከ7 በታች ማቆየት ለሁሉም ከባድ ሆኖ ተገኝቷል። ግቡን ያጡት በግላርጂን 67፣ በሊራግሉታይድ 68፣ በግሊሜፒራይድ 72፣ በሲታግሊፕቲን 77 በመቶ ናቸው። ስኳሩ በጣም ወርዶ የሰው እርዳታ ያስፈለገው ሰው በግሊሜፒራይድ 2.2 በመቶ፣ በሲታግሊፕቲን 0.7 በመቶ ነው። ስለዚህ ሲታግሊፕቲን የሚመረጠው ከጉልበት ይልቅ ደህንነት ለሚያስቀድም ሰው ነው።

ከዚሁ ወገን ሳክሳግሊፕቲንን እለያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ጥናት በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡት ከ2.8 ወደ 3.5 በመቶ ጨምረዋል። ልቡ የደከመ ሰው አይምረጠው። ሲታግሊፕቲን በራሱ ጥናት ይህን አላሳየም። ሊናግሊፕቲን ደግሞ ኩላሊት ቢደክምም መጠኑ መቀነስ አያስፈልገውም።

ፒዮግሊታዞንን በአጭሩ ልለፈው። ርካሽ ነው፤ ስኳርም በደንብ ያወርዳል። ግን እግር ያሳብጣል፣ ክብደት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የልብ ድካምን ያባብሳል። ልቡ የደከመ ሰው ጨርሶ አይወስደውም።

ልብና ኩላሊት ሲነኩ፦ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን

ንጽጽሩን የለወጡት እነዚህ ናቸው። ኩላሊት ወደ ደም ሊመልሰው የነበረውን ስኳር በሽንት እንዲወጣ ያደርጋሉ፤ በቀን 70 ግራም ገደማ ሊደርስ ይችላል። በስኳር አውራጅነት ከተለኩ መካከለኛ ናቸው። ለልብና ለኩላሊት የሚሰጡት ጥበቃ ግን ከስኳሩ መውረድ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኢምፓግሊፍሎዚን ጥናት የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸውን ከ7,000 በላይ ሰዎች ተከታትሏል። በልብና በደም ሥር ሕመም መሞት በ38 በመቶ፣ በልብ ድካም ሆስፒታል መግባት በ35 በመቶ ቀንሷል። ከዚሁ ወገን የሆነው ካናግሊፍሎዚን ደግሞ በ2019 በወጣው ጥናት ኩላሊታቸው በተጎዳ ታማሚዎች ላይ ዋናውን የኩላሊት ጉዳት መለኪያ በ30 በመቶ ቀንሷል።

ስለዚህ የልብ ድካም ያለበት፣ ከዚህ በፊት የልብ ሕመም ያገኘው፣ ወይም ሽንቱ ላይ ፕሮቲን የታየበት ሰው ለሁለተኛ መድኃኒት የሚሆን ገንዘብ ካለው እኔ እዚህ ላይ እንዲያውለው እመክራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ወገን በመሠረታዊ ዝርዝሩ ያስገባው ለዚህ ነው። የሌሎች ፋብሪካዎች ምርት ገበያ ላይ እየበዛ ሲሄድ የዳፓግሊፍሎዚን ዋጋ በብዙ አገር ወርዷል። ያኔ ውድ ነው ተብሎ የተተወ ከሆነ ዛሬ ዋጋውን እንደገና መጠየቅ ያዋጣል።

አደጋቸው የተለየ ነው። ሽንቱ ስኳር ስለሚሆን በብልት አካባቢ የፈንገስ ማሳከክ ይመጣል፤ ሴቶች ላይ ይበዛል። ለሐኪም ለመናገር ብዙ ሰው ያፍራል፤ በቀላል ቅባት የሚድን ነገር ግን ነው። ውኃ በብዛት ስለሚወጣ የሽንት ማሸኛ የሚወስድ አረጋዊ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል።

ከሁሉም የሚያሰጋኝ ግን ኬቶአሲዶሲስ ነው፤ ደም አሲድ የሚሆንበት ሁኔታ። በተለምዶ ይህ የሚመጣው ስኳር በጣም ሲጨምር ነው። በእነዚህ መድኃኒቶች ግን ስኳሩ 180 እየታየ ሊመጣ ይችላል። ሰውየው ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ መለኪያው ደህና ነው ስለሚል ቤት ይቆያል። ብዙ ጊዜ የሚቀሰቅሰው ለረጅም ሰዓት አለመብላት፣ ማስመለስና ተቅማጥ፣ ወይም ኦፕራሲዮን ነው። ስለዚህ ታሞ መብላት ያቃተው ሰው ክኒኑን አቁሞ ሐኪሙን ያነጋግራል። ኦፕራሲዮን ያለበት ከ3 ቀን በፊት ያቆማል። ጾም ሊገባ ሲል አዲስ አይጀመርም፤ የለመደው ሰው ደግሞ ከጾም መፍቻ ወይም ከማፍጠሪያ ሰዓት ጋር ያደርገዋል፤ ማታ ማታም ውኃ በደንብ ይጠጣል።

የሳምንት መርፌዎቹ

ሴማግሉታይድ ኦዜምፒክ በሚለው ስሙ፣ ቲርዜፓታይድ ማውንጃሮ በሚለው ስሙ ታውቀዋል። ስኳር በማውረድ ከክኒኖቹ ሁሉ ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለቱን ባጋጠመው ጥናት ሴማግሉታይድ 1 ሚሊግራም አማካዩን በ1.86 ነጥብ፣ ቲርዜፓታይድ በከፍተኛ መጠኑ በ2.30 ነጥብ አውርዷል። ክብደትም 5.7 እና 11.2 ኪሎ ቀንሷል። በልብና በኩላሊት በኩል ማስረጃው የሚረዝመው የሴማግሉታይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ጥናት የልብ ድንገተኛ ሕመምን፣ ስትሮክንና በልብ ሕመም መሞትን አንድ ላይ በ26 በመቶ ቀንሷል። በ2024 ደግሞ ከባድ የኩላሊት ጉዳትን በ24 በመቶ።

ማቅለሽለሽና ማስመለስ የተለመደ ነው፤ መጠኑ ቀስ እያለ ሲጨመር ይቀላል። የሐሞት ጠጠርና አልፎ አልፎ የቆሽት ብግነት ያመጣሉ። ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር በቤተሰቡ ያለበት ሰው አይጀምራቸውም። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ዓይን። በ2016ቱ ጥናት የሬቲና ጉዳት መባባስ ሴማግሉታይድ በወሰዱት 3.0፣ ባልወሰዱት 1.8 በመቶ ነበር። ዓይናቸው ቀድሞ የተጎዳና ስኳራቸው በፍጥነት የወረደ ሰዎች ላይ ነው የሚያሰጋው። ስለዚህ ከመርፌው በፊት የዓይን ሐኪም ይታይ።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለወላጅ መርፌ መላክ ለሚያስቡ ደግሞ ይህን ልበል። ያልተከፈተ የመርፌ ብዕር ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በረዶ ከነካው ይጣላል። ሻንጣ ውስጥ ሰዓታት ያሳለፈ ዕቃ ምን እንደደረሰበት አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ መገኘቱን አስጠንቅቋል። በማኅበራዊ ሚዲያ ከሚሸጥ ሰው አይገዛም። ሌላው ቀጣይነቱ ነው። ሦስት ወር ተልኮ ከዚያ ከተቋረጠ ስኳሩም ክብደቱም ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ መላክ ካልተቻለ፣ ያው ገንዘብ ለሜትፎርሚን፣ ለዳፓግሊፍሎዚንና ለመለኪያ ወረቀት ቢውል ወላጅ ይበልጥ ይጠቀማሉ።

ኢንሱሊን

«ኢንሱሊን ከጀመረ አለቀለት» የሚለው ወሬ ሰው ጎድቷል። አማካዩ ከ10 በላይ የሆነ፣ ሳይፈልግ የሚከሳ፣ ውኃ ጥሙና ሽንቱ የበዛ ሰው ገና ከመጀመሪያው ኢንሱሊን ሊያስፈልገው ይችላል። ስኳሩ ሲረጋጋ ወደ ክኒን የሚመለስም አለ።

ምርጫው በአብዛኛው ኤንፒኤች በሚባለው ደፍራሳው ኢንሱሊንና በግላርጂን መካከል ነው። አማካዩን በማውረድ እኩል ናቸው። ኤንፒኤች ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሚበረታ ሌሊት ስኳር የማውረድ ዕድሉ ከግላርጂን ይበልጣል። ዋጋው ግን በጣም ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2018 መመሪያም በቅድሚያ የሚመክረው እንደ ኤንፒኤች ያለውን ነው፤ ግላርጂንን ስኳራቸው ደጋግሞ ክፉኛ ለሚወርድባቸው ይተወዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሌሊት በላብ ተጠምቆ የሚነቃ ሰው ካለ ግን በግላርጂን አይቆጠብ።

ኤንፒኤች ሲቀዳ ብልቃጡ በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ይንከባለላል፤ አይናጥም። ወተት መስሎ እኩል ካልደፈረሰ፣ ወይም እብጠት እብጠት ነገር ከታየበት አይወጋም። የተከፈተው ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አንድ ወር ገደማ ይቆያል፤ ፍሪጅ በሌለበት ቤት እርጥብ የሸክላ ዕቃ ይረዳል። ሜትፎርሚን ከኢንሱሊን ጋር ይቀጥላል። ግሊቤንክላማይድና ዘመዶቹ ግን ኢንሱሊን ሲጨመር መቀነስ ወይም መቆም ስላለባቸው፣ አዲሱን ማዘዣ ይዞ ከመውጣት በፊት «የድሮውን ክኒን ምን ላድርገው?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።